የቱሉ ዲማን ኩርባ አየሁት

ሆዴ ሁሴን፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ፣ ብርሃን ያድርግልህ። ከተለየኸን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ለሰው ስናገር «ዓመት አልፎታል» ብዬ እተወዋለሁ፤ ወሮቹን የምቆጥራቸው ለራሴ ነው።

እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ልጃችን ራህማ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ደሴ ስለደረሳት ብዙም አልራቀችብኝም፤ በወር አንዴ በሚኒባስ ከተፍ ትላለች። ከስታለች፣ ስልኳን ከእጇ አታስቀምጥም። አረማመዷ ግን ያንተ ሆኗል፤ ከኋላዋ ሳያት አንዳንዴ ልቤ ድንግጥ ይላል። ጓሮ ያለው ፓፓያ ከጣሪያው አልፎ ወጥቶ ፍሬውን ቆርቆሮው ላይ እየጣለ ያስበረግገኛል። የስፌት መኪናዬን ከጓዳ አውጥቼ መንገዱን በሚያየው መስኮት ሥር አድርጌዋለሁ። «የባጃጁ አቧራ ሁሉ ጨርቅሽ ላይ ነው የሚያርፈው» ብለህ ትከለክለኝ ነበር። እውነትህን ነው፣ ያርፋል። ግን ሰው አያለሁ። ማን ወደ ገበያ እንደወረደ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ አዲስ ጫማ እንዳደረገ ከተቀመጥኩበት አውቃለሁ። ደንበኞቼም እየለካኋቸው ጥያቄ ሳበዛባቸው «ዘሃራ፣ ልብሱን ነው ወይስ እኛን ነው የምትለኪው?» ይሉኛል። አንተ «ወይዘሮ ለምን» ትለኝ አልነበር? አልተሻለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባለፈው እሑድ ቱሉ ዲማ ወጣሁ።

አዎ፣ እዚያው። አንተ ጂፗ ላይ ጨውና ስኳር፣ ቆርቆሮና ሰው ጭነህ በየሳምንቱ ትወጣበት የነበረው ተራራ። «አንድ ቀን ውሰደኝ» ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩህ? «መንገዱ አይመችሽም» አልከኝ። «ዝናቡ ይለፍና» አልከኝ። «ዛሬ ጭነት በዝቷል» አልከኝ። ምክንያትህ አያልቅም ነበር። የተራራው ሴቶች ቀሚስ ሊያሰፉ እኔው ዘንድ ይወርዳሉ። የትከሻቸውን፣ የወገባቸውን፣ የእጃቸውን ርዝመት በደብተሬ ይዣለሁ። ልብሳቸው ቀድሞ የሚሳሳው ጀርባው ላይ መሆኑን አይቼ ውሃ ከሩቅ እንደሚቀዱ ገምቻለሁ። አገራቸውን ግን አንድም ቀን አላየሁትም።

በመጨረሻው ዓመት መጠየቄን ተውኩት። ለምን እንደተውኩት አልነገርኩህም፣ ዛሬ ልንገርህ። አንዲት ጎረቤታችን «ሰው ሚስቱን በማይወስድበት መንገድ ላይ ሌላ ቤት አይጠፋም» አለችኝ። ሳቅኩባት። ሳቄ ግን ከእሷ ደጅ እስከኛ ደጅ እንኳን አላደረሰኝም።

ከዚያ አንተ ታመምክ፣ ሁሉም ነገር ተረሳ። በለቅሶህ በሦስተኛው ቀን አንድ ሰውዬ አንድ ቅል ቅቤ ይዞ መጣ። «ከዘምዘም ነው» አለኝ። የትኛዋ ዘምዘም ብለው «የቱሉ ዲማዋ፤ ሁሴን ያውቃታል» ብሎ ከሰዉ ጋር ዱዓ አድርጎ ሄደ። ያውቃታል! እኔ የማላውቃት፣ አንተ የምታውቃት ዘምዘም። ቅቤውን ለሰደቃው አዋልኩት። ቅሉን ግን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት፤ ባየሁት ቁጥር ሴትዮዋን በሐሳቤ እሠራታለሁ። አንድ ቀን ረጅም አደርጋታለሁ፣ ሌላ ቀን ጠይም፣ ጥርሰ ፍንጭት። ሥራዬ ስፌት አይደል፣ የቀሚሷን ልክ ሁሉ ገምቼ ጨርሼ ነበር። ክፉ አላሰብኩብህም ሁሴኔ። ዲናችን የከለከለውን ታደርጋለህ ብዬ አላውቅም። ያንገበገበኝ አለመንገርህ ነው።

እና ያቺ አሮጌ ጂፕ አለች፣ አብሮ አደግህ አሊ ነው አሁን የሚነዳት። እሑድ እሑድ ደግሞ ሰኢድ ከሚባል የጂኦግራፊ አስተማሪ ጋር ሆነው እንግዳ ያስጎበኛሉ። ጠዋት ከከሚሴ ይነሳሉ፣ የተራራውን መንደሮችና ገደሉን ያሳያሉ፣ ሳይመሽ ይመለሳሉ። ሰው ለጨው ሳይሆን ገደል ለማየት ብሎ ይወጣል ብልህ ኖሮ ትስቅ ነበር። አሊ የመቀመጫ ልብስ ሊያሰፋ መጥቶ ሲያወራኝ «ለፊታችን እሑድ አንድ ቦታ ባዶ ነው» አለ። ክሩን ከመርፌው ሳላወጣ «የኔ ነው» አልኩት።

ሱብሂን ሰግደን ተነሳን። ከኔ ሌላ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ዝምተኛ፣ ሚስትየዋ እንደኔ ጠያቂ። ሰኢድ ፊት ተቀምጦ ዞር እያለ ያስረዳል። አስፋልቱን ትተን ወደ ምዕራብ ስንታጠፍ ጂፗ ያን የምታውቀውን ጉርምርምታ ጀመረች። ገና ከመውጣታችን የጨፋ ሜዳ ከኋላችን ተዘረጋ። ሁልጊዜ መሐሉ ሆኜ ስለማየው እንዲህ ሰፊ አይመስለኝም ነበር። ውሃው የተኛበት ቦታ አረንጓዴው ይጠቁራል፤ ከብቱ የተበተነ ጥቁር አዝሙድ ይመስላል። ጠርዙ ላይ ቡኒ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቼ ምንድን ነው ብለው ሰኢድ «ግመሎች ናቸው እትዬ ዘሃራ፤ ቆላው ሲደርቅ አፋሮቹ እዚህ ያመጧቸዋል» አለኝ። ቦርከናስ የት ይደርሳል? አዋሽ ውስጥ ይገባል። አዋሽስ? በረሃ ውስጥ ይቀራል፣ ባሕር አይደርስም። ይህን ስሰማ ገረመኝ። በከሚሴ ድልድይ ሥር ሲያልፍ የኖረው ውሃ ሁሉ ባሕር የሚገባ ነበር የሚመስለኝ።

ማሽላው እየቀረ ገብስ መጣ፣ አየሩ ቀዘቀዘ። በመጀመሪያው መንደር አንድ ጎልማሳ የእንጨት በር በጀርባው አዝሎ ሲወጣ አገኘን። አሊ ፍጥነቱን ቀነሰ። እኔ በመስኮት ብቅ ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኩትና «በሩ ከየት ነው?» አልኩት።

«ከከሚሴ» አለኝ ሳይቆም። «እህቴን እየዳርን ነው። ቤቱ አልቋል፣ የቀረው መዝጊያው ነው።»

«በመኪና ለምን አልጫንከውም?»

«ጭኜው ነበር። ታች ጋ መኪናው ተበላሸ። ሠርጉ መኪናውን አይጠብቅም።»

ባልና ሚስቱ በሩን ፎቶ አነሱት። ጂፗ ላይ እናስርልህ ብንለው ደርሻለሁ ብሎ እምቢ አለ። እኔ ደግሞ ሰውዬው በር ተሸክሞ ስንት ጊዜ እንዳረፈ፣ ሲያርፍ በሩን አቁሞት ይሆን አስተኝቶት እያሰብኩ ብዙ መንገድ ሄድኩ።

ከዚያ ገደሉ መጣ። «ሃለያ» ይሉታል፤ በኦሮምኛ ገደል ማለት ነው፣ ሌላ ስም አላስፈለገውም። መንገዱ ከአለቱ ወገብ ላይ ተፈልፍሎ የወጣ ጠባብ ኩርባ ነው። በግራ ግድግዳ፣ በቀኝ ምንም። ምንም ስልህ ሰማይ ብቻ። ባለፈው በጋ ትንሽ ሰፋ አድርገውታል አሉ። አሊ ወሬውን አቋርጦ ማርሽ ቀነሰ። «ሁሴን ነፍሱን ይማረውና እዚህ ሲደርስ ሰዉን ሁሉ ያስወርድ ነበር» አለ። «መኪናዋ ትቅለል ይልና ባዶዋን ነው የሚያሳልፋት። እንደሱ ጥንቁቅ ሹፌር አላየሁም።» እኔ ግድግዳውን እያየሁ አለፍኩ። የእንግዳዋ ባል ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልይ ነበር።

ቱሉ ዲማ ስሙ እንደሚለው ቀይ ኮረብታ ነው። አፈሩ ቀይ፣ የቤቱ ምርግ ቀይ፣ የሕፃናቱ ተረከዝ ሳይቀር ቀይ። ከጂፗ ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን የራሴን ሥራ ነበር። አንዲት ሴት አተር ታሰጣለች፤ የለበሰችው አረንጓዴ ቀሚስ ወገቡ ላይ ያለው ሽንሽን የኔ ነው። ቀና ብላ አየችኝና «ሰፊዋ ናት» አለች ለሌሎቹ። ወዲያው ከበቡኝ። የሁሴን ባለቤት መሆኔን ሲያውቁ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ አንድ በአንድ እጄን ይዘው «ሰብሪ፣ ታገሺ» አሉኝ። ስማቸውን ከልካቸው ጋር እያገናኘሁ ሳምኳቸው። ሰኢድ እንግዶቹን ይዞ ወደ መስጊዱ ሲሄድ እኔ ቀረሁና «ዘምዘም የምትባለው የት ናት?» ብዬ ጠየቅኩ።

«አዴ ዘምዘም? ያችውና» አሉኝ። አዴ የሚሉት ለእናት፣ ለትልቅ ሴት መሆኑን አንተም ታውቃለህ። ይህን ስሰማ ነው መጠርጠር የጀመርኩት፤ በሌላ መንገድ።

ከመንገዱ ዳር ካለች ትንሽ ቤት አንዲት አሮጊት በዱላ ተደግፋ ወጣች። ሰባ አምስትም ይሆናታል፣ ሰማንያም። አጭር፣ ጎበጥ ያለች፤ ራሷ ላይ ዓይን የሚወጋ ብርቱካናማ ሻሽ አስራለች። ዓመት ሙሉ ልኳን ገምቼ ያዘጋጀሁላት ቀሚስ ሁሉ ሁለት እጥፍ ይሰፋት ነበር። ማን እንደሆንኩ ሲነግሯት ዱላዋን አስቀመጠችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ለምን ለምን የምትይዋ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«ነኝ» አልኳት።

«ኢንታላ ኮ፣ ዘገየሽ። ግቢ።»

ልጄ ብላ ጠራችኝ። እርጎ ሰጠችኝ፤ ገና አንዴ ሳልጎነጭ ጠየቅኳት። ምን ላድርግ፣ ታውቀኛለህ። «ሁሴንን በምን ታውቂዋለሽ?» አልኳት። አልተቀየመችኝም። የነገረችኝን እንዳለች ልንገርህ፣ አንተ ብታውቀውም።

አንድ ክረምት ብቻህን ጭነህ ስትወጣ የሃለያው ጠርዝ በኋላ ጎማህ ሥር ተናደ አለችኝ። ጂፗ ጋደል ብላ ቆመች። አንተ በግራ በኩል ዘለህ ወረድክ፤ ሰዎች ተጠርተው በገመድ ጎትተው አወጧት። ጨዉ አልፈሰሰም፣ አንተም አልተጫርክም። በሳምንቱ ተመልሰህ መጣህ። ኩርባው ጋ ስትደርስ ግን ቆምክ። እሷ ፍየሎቿን ልትመልስ ወርዳ ነበርና መሪውን ጨብጠህ፣ ላብህ እየወረደ፣ ሞተሩን አጥፍተህ አገኘችህ።

«ታመምክ ወይ አልኩት» አለችኝ አዴ ዘምዘም። «አይ እናቴ፣ ፈራሁ አለኝ። ገደሉን ካየሁ እጄ አይታዘዝልኝም አለኝ። እኔም ገደሉን አትየው፣ እኔን እየኝ አልኩትና ከፊቱ መንገድ ጀመርኩ። ሂን ሶዳቲን ኢልማ ኮ፣ ሂን ሶዳቲን እያልኩ። አትፍራ ልጄ እያልኩ። ዓይኑን ከጀርባዬ ሳይነቅል እስከ ላይ ተከተለኝ።»

«ያን ቀን ብቻ?»

«ሰባት ዓመት» አለችኝ። «ሲወጣም ሲወርድም። ጥሩንባውን ሁለቴ ሲነፋ እወርድለት ነበር።»

ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳን ፊትህ ላይ አላነበብኩትም። ልብስ በእጄ ዳስሼ የት ጋ እንደሚቀደድ አስቀድሜ የማውቅ ሴት ነኝ።

«ካስፈራው ለምን አልተወውም?» አልኳት።

«ተወው ብዬዋለሁ። ሌሎቹ ሹፌሮች መንገዱ ከተናደ ወዲህ ቀርተዋል፣ እኔም ከቀረሁ ጨዉን ማን ያወጣላችኋል አለኝ። ሰዉን የሚያስወርደው ግን መኪናዋ እንድትቀል አልነበረም። ሰው ፊቱን እንዳያየው ነው።»

«እኔን ለምን አላመጣኝም?» አልኳት በመጨረሻ። ለዚህች ጥያቄ ነበር አገር አቋርጬ የመጣሁት።

አሮጊቷ ሳቀች። «ጠይቄዋለሁ። ሚስትህን አምጣትና እንያት አልኩት። እሷ ጠያቂ ናት፣ እዚህ ጋ ለምን ትቆማለህ ትለኛለች፤ እሷን ደግሞ መዋሸት አልችልበትም አለኝ።»

ከዚያ ሻሿን ፈታ ጫፉን አሳየችኝ። «ይኼንንም እሱ ነው ያመጣልኝ። ነጩ ሻሽሽ ከድንጋዩ ጋር ይመሳሰልብኛል ብሎ።» ጠርዙን ሳየው የገዛ እጄን አወቅኩት፤ ጥጉ ላይ ክሩን ሁለቴ የምመልሰው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያን ደማቅ ጨርቅ አምጥተህ «ጠርዙን ስፊልኝ» አልከኝ። ለማን ነው ብልህ «ለአንዲት እናት» አልከኝ። አላመንኩህም ነበር። ቁርጥ ያለ እውነትህን ነግረኸኝ ኖሯል።

ቅቤውን ስትልክ ለምን ይህን ወሬ አብራ እንዳልላከችልኝም ጠየቅኳት። «ሰው ሲሞት ምስጢሩ የሚስቱ ነው» አለችኝ። «ግን ምስጢር በሰው አፍ አይላክም። ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ።» በዚህ ጊዜ አለቀስኩ። ሳቄም አብሮ መጣብኝ፤ ሁለቱን መለየት አቃተኝ። እሷ እርጎውን ወደ እጄ ገፋ አድርጋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ሁሴን፣ ይቅር በለኝ። ከሁለት ዓመት በላይ በማይገባህ ነገር አኩርፌህ ነበር፤ ታመህ ተኝተህ እንኳን ልቤ ጥግ ላይ ያቺ ነገር ነበረች። ግን እኔም ትንሽ ተቀይሜሃለሁ፣ እውነቱን ልንገርህ። ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አልስቅብህም ነበር። ከፊትህ እኔ እሄድልህ ነበር። ምናልባት አፌ ስለማያርፍ በየእርምጃው «አሁንስ ትፈራለህ?» እያልኩ አስቸግርህ ነበር። እሱን ፈርተህ ከሆነ እውነት አለህ።

ስንመለስ አዴ ዘምዘም እስከ ኩርባው እሸኛችኋለሁ ብላ ተሳፈረች። ሃለያ ስንደርስ አሊን አቁምልኝ አልኩት። «ምን ልትሆኚ?» አለኝ። ወረድኩና ወደ ጠርዙ ሄድኩ። ሰኢድ «እትዬ ዘሃራ፣ ቆመሽ አይሆንም፣ በደረትሽ ተኚ» ብሎ አስተኛኝና እግሬን ያዘ። እንግዳዋ ሴትዮም ካላየሁ ብላ ከጎኔ ተኛች። ሁለት ትልልቅ ሴቶች እንደ እንሽላሊት ድንጋይ ላይ ተለጥፈን ቁልቁል አየን።

ሰባት ዓመት ያለፍክበትን፣ አንድም ቀን ያላየኸውን ልንገርህ። ጨለማ ይመስለኝ ነበር፣ ጨለማ አይደለም። አለቱ እንደ ደብተር ገጽ ተደራርቧል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አመድማ፣ አንዱ ቢጫ። ሰኢድ እያንዳንዱ ለየብቻው ዘመን አለው አለ፤ የሚቆጥረው ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። መሐል ላይ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው እርስ በርስ ይፋቀራሉ፣ ገደል ላይ መሆናቸውን የነገራቸው የለም። ጭልፊት ከእኛ በታች ይበራል፤ የወፍ ጀርባ ከላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከታች ውሃው ክር ያክላል። ከውሃው ዳር ሸንኮራ የተተከለበት የማሳ ቁራጭ አለ፣ አጠገቡ አንድ ቤት፣ ጣሪያው ላይ በርበሬ ተሰጥቷል። ቀይነቱ እዚህ ድረስ ይታያል። አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ቀና ብሎ አየን መሰለኝ። እጄን አውለበለብኩ። እሱም አውለበለበ። አየህ ሁሴኔ፣ አንተ ሞት ብቻ ያለበት የመሰለህ ቦታ ሰው በርበሬ ያሰጣል።

ስነሳ አዴ ዘምዘም ከጂፗ ወርዳ ዱላዋን ይዛ ቆማለች። ምንም ሳንነጋገር ከጎኗ ሆንኩና ኩርባውን በእግራችን ወረድነው። አሊ ሳይጠየቅ ከኋላችን በዝግታ ተከተለን። እሷ እንደ ልማዷ ሂን ሶዳቲን ትላለች፣ ማንን እንደምታባብል አልጠየቅኳትም። በሕይወቴ ሳልጠይቅ ያለፍኩት አንድ ነገር እሱ ነው። ኩርባው ሲያልቅ ግንባሬን ስማኝ ወደ ላይ ተመለሰች።

ከሚሴ ላይ ስምህ ሲነሳ «ደፋር ሹፌር ነበር» ይላሉ። እኔም «ነበር» እላለሁ፣ ሌላውን ለራህማ ብቻ ነው የነገርኳት። እሷም «እማ፣ እኔም ክፍል ፊት ቆሜ መናገር እፈራለሁ» አለችኝ። እስከ ዛሬ ነግራኝ አታውቅም ነበር።

በየጁምዓው ዱዓ ሳደርግልህ ከእንግዲህ የማየው መልክህ አንድ ነው። መሪውን ጨብጠሃል፣ ላብህ ይወርዳል፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ አንተ አንድ ክንድ አንድ ክንድ እያልክ ትወጣለህ። እንዲህ ነው የማስታውስህ፤ እድሜዬ እስኪያልቅ፣ ፈርተህ ስትሄድ።

ሚስትህ፣
ዘሃራ